የስድስተኛው ጣቢያ ሰው

መብራቱ ከአራት ደቂቃ ወዲህ አልተንቀሳቀሰም።

ኮይ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ ሳብ አድርጎ አንገቱን አሰገገ። ካሜራው የተተከለው ከመሬት በታች ሦስት መቶ ሜትር ላይ ነው። አቧራ ስለሚለብስ ምስሉ ሁልጊዜ ብዥ ያለ ነው። የሚታየው ከሰሉን ተሸክሞ ወደ ላይ የሚጓዘው የላስቲክ ቀበቶ ጠርዝና የአንድ ሰው የራስ መብራት ብቻ ነው። ኮይ ያንን መብራት የሚያውቀው ወዲያ ወዲህ ሲል ነው፤ ጎንበስ ይላል፣ ቀና ይላል፣ የፈሰሰ ከሰል በአካፋ እየዛቀ ይመላለሳል። አሁን ግን ዝቅ ብሎ፣ መሬት ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ ከሚሮጠው ቀበቶ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ደርቆ ቀርቷል።

ስልኩን አነሳና ስድስተኛውን ጣቢያ ጠራ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ቆጠረ። አሥራ አንድ ጊዜ ጠርቶ የሚያነሳው ጠፋ።

ከጠረጴዛው ዳር በላስቲክ ክዳን የተሸፈነች ቀይ ቁልፍ አለች። ኮይ እዚህ ወንበር ላይ በተቀመጠባቸው ሁለት ዓመታት ነክቷት አያውቅም። ክዳኑን ገለበጠና በአውራ ጣቱ ተጫናት።

ሰባቱም ቀበቶዎች ተራ በተራ ቆሙ። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ የነበረው መስመር ከታች ወደ ላይ እየቀላ መጣ። ክፍሉ ውስጥ ግን የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ የአየር ማቀዝቀዣው እንደ ወትሮው ይነፍሳል፣ በመስኮቱ በኩል ባሕሩና ደሴቶቹ ጭጋግ ለብሰው ይታያሉ።

መጀመሪያ የደወለው ሱው ነው። ሱው ከታች ከሰል ቆራጩን ማሽን የሚነዳ፣ ድሮ ከኮይ ጋር በአንድ ምድብ የጣሪያ ድጋፍ ግንድ ያቆም የነበረ ሰው ነው።

"ንጉሥ ሆይ፣ ዙፋኑ ላይ እንቅልፍ ጣለዎት እንዴ?" አለ። "ማሽኔ አፉ ከሰል ሞልቶ ቆሟል እኮ።"

"እኔ ነኝ ያቆምኩት።"

"ምን አየህ?"

"ስልኩን ልቀቅልኝ፣ ሱው።"

"ድሮ ለአንድ አካፋ ከሰል በላብ ተጠምቀን እንሞት ነበር። አሁን አንተ በአንድ ጣት የሁላችንን ሥራ..."

ኮይ ዘጋበትና እንደገና ስድስተኛውን ጣቢያ ጠራ። በአራተኛው ጥሪ ተነሳ።

"አቤት?" አለ አንድ የጎረነነ ድምፅ።

"ጋሼ፣ ደህና ነህ?"

"ማነው? ኮይ ነህ? ቀበቶው ለምን ቆመ?"

"ተጎድተሃል ወይ?"

"ኧረ ምንም አልሆንኩም።" ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። "ወንድሜ፣ አልዋሽህም፣ ትንሽ እንቅል..."

"ደህና ከሆንክ ይበቃል" ሲል ኮይ አቋረጠው። ድምፁ ራሱ ካሰበው በላይ ሻከረ። "ይህ መስመር ይቀዳል። ከቀበቶው ራቅ በል፣ ላስነሳው ነው።"



"እሺ፣ ጌታዬ" አለ ሰውየው፣ ለማያውቀው አለቃ እንደሚመልስ ሰው።

ቀበቶዎቹ ተነሡ። መብራቱም ብድግ አለና ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረ። ስክሪኑ ላይ፦ "ቆይታ፦ ሰባት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ። ምክንያቱን ይግለጹ" የሚል ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር።

*

ኮይ አርባ ሰባት ዓመቱ ነው። ከታይ ቢን የሩዝ ማሳ ተነስቶ ወደ ከሰል ማዕድን ከተማዋ ወደ ካም ፋ የመጣው ገና በሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ የመንደሩ ልጆች ሁሉ የሚመጡት ወደዚሁ ነው። ሃያ ሦስቱን ዓመት ከመሬት በታች አሳለፈ። የነበረበት ምድብ ሃያ አራት ሰው ነበረው። ግንድ በትከሻቸው ተሸክመው ወርደው፣ በመጥረቢያ ለክተው ቆርጠው፣ ጣሪያውን ይደግፉበታል። ከዚያ ከሥሩ ገብተው ከሰሉን ይፈለፍላሉ። ጣሪያውን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ድምፁን መስማት የኮይ ሥራ ነበር። ደረቅ ድምፅ ከሰጠ ይገባሉ፤ ባዶ እንስራ ሲመታ የሚሰማው ዓይነት ከሰጠ ግን ኮይ እጁን ያነሳል፣ ሃያ አራቱም ሰው ባንድ ጊዜ ዝም ይላል። የዚያን ዝምታ ጣዕም የሚያውቅ ሰው አሁን በዙሪያው የለም። ከባድ ዝምታ ነው፣ ግን የሃያ አራት ሰው ትንፋሽ ነበረበት።

ማሽኑ የመጣው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። እንደ ቤት የሚተልቁ የብረት ድጋፎች አሉት። ራሳቸው እግራቸውን እያነሱ ወደፊት ይራመዳሉ፤ ከፊታቸው ቆራጩ ከሰሉን እንደ አይብ ይቆርሰዋል። ሃያ አራቱ ሰዎች በአራት ቀን የሚያወጡትን በአንድ ፈረቃ ያወጣዋል። ኮይ ማሽኑን አይጠላም። ማሽኑ ሳይመጣ በፊት ጣሪያው ከምድቡ ሁለት ሰው በልቷል፤ የእሱንም የግራ ትከሻ አጥንት ሰብሮታል። ከማሽኑ ወዲህ ማንም አልሞተም። ይህንን ማንም ሲጠይቀው አይክድም።

ከሃያ አራቱ ግን የቀሩት ሰባት ናቸው። ሌሎቹ መውጫ ድጎማቸውን ተቀብለው ሄዱ። አንዱ ሃኖይ ውስጥ በሞተር ሳይክል ዕቃ ያመላልሳል፣ ሁለቱ አባቶቻቸው እርሻ ላይ ናቸው፣ አንዱ ወዴት እንደገባ አይታወቅም። ኮይ የስክሪኑን ፈተና ስላለፈ ወደ ላይ ወጣ። "ዕድለኛ" አሉት። ሚስቱ ሎዋን ስትሰማ በስልክ አለቀሰች፤ ትከሻው ከተሰበረ ጀምሮ ውጣ እያለች ትለምነው ነበርና፣ ያኔ ዳግመኛ ወደ ታች እንዳይወርድ ቃል አስገባችው።

አሁን ጠዋት አንድ ሰዓት ገብቶ ዘጠኝ ሰዓት ይወጣል። ልብሱ አይቆሽሽም። ስምንት ሰዓት ሙሉ የሰው ፊት ላያይ ይችላል። ማታ በሠራተኞች መኖሪያ ለብቻው ሩዝ ያበስላል፣ ዓሣ ይጠብሳል። ጎረቤቶቹ ሁሉ ወጣቶች ናቸው፤ በራቸውን ዘግተው ስልካቸውን ያያሉ።

የስድስተኛውን ጣቢያ ሰው ያወቀው በሥራ ነው። መጀመሪያ ሰባቱም ጣቢያዎች ላይ፣ አንዱ ቀበቶ ከሰሉን ለሌላው በሚያስረክብበት ቦታ፣ አንድ አንድ ሰው ነበር። ሴንሰር በተገጠመ ቁጥር አንድ ሰው ይነሳል። በመጨረሻ የቀረው ስድስተኛው ብቻ ሆነ። የሰውየው ስም ኛም ነው፤ ሃምሳ ሦስት ዓመቱ፣ የናም ዲን ሰው። ኮይ በየሰዓቱ ይደውልለታል። "ስድስት?" ሲለው ኛም "ስድስት አለ" ይላል። መጀመሪያ ወሬያቸው ይኸው ነበር። በሳምንቱ ኛም፣ "እንግዲህ ስድስት አለ፤ ስድስት ምሳውን በላ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም" አለ። ከዚያ ወዲህ ወሬያቸው አላቋረጠም። ኛም ሚስቱ ስለምታረባቸው አሳማዎች ያወራል። በወንድሙ ሠርግ ቀን አንዱ ወንድ አሳማ በረት ሰብሮ ወጥቶ ለሙሽራዋ ቤተሰብ የተዘጋጀውን ድግስ እንዴት እንደጨረሰው ሲተርክ፣ ኮይ ባዶው ክፍል ውስጥ ብቻውን እየሳቀ እንባውን ጠርጓል። ኮይ ደግሞ ስለ ሴት ልጁ ስለ ጃንግ፣ ስለምትወደውም ጸጉሩን ቢጫ የተቀባ የሞተር ጠጋኝ ይነግረዋል።

ፊት ለፊት ግን ተያይተው አያውቁም። ላይ የሚሠሩት በዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ ይሄዳሉ። ከታች የሚወጡት መብራታቸውን መልሰው፣ ታጥበው እስኪጨርሱ አሥር ሰዓት ያልፋል።

የዛሬ አሥር ቀን ኢንጂነር ኲየት አዲሱ ካሜራ ስድስተኛው ጣቢያ ላይ መገጠሙን ሊነግረው መጣ። በዚያውም፣ ታላላቆቹን ሁሉ እንደሚጠራቸው፣ "አጎቴ፣ ከእንግዲህ በየሰዓቱ መደወል አያስፈልግም፤ ሴንሰሩ ራሱ ይናገራል። መስመሩም ስለሚቀዳ ለሥራ ብቻ ክፍት ይሁን" አለው። ኮይም መደወል ተወ። ለምን እንደተወ ለኛም ሊነግረው አስቦ ነበር፤ ግን ያንንም ለመንገር መደወል ነበረበት።

*

ኲየት ከግማሽ ሰዓት በኋላ ገባ። ዕድሜው ሠላሳ አልሞላም፤ ሰው ሲያናግር ዝቅ ብሎ ነው።

"አጎቴ ኮይ፣ ምን ሆነው ነው? ሰባት ደቂቃ እኮ ነው የቆመው።"

"የስድስተኛውን ሰው መብራት ሳየው ደርቆ ቀረብኝ።"

"ሴንሰሩ ምን አለ?"

"ሁሉም ደህና ነው አለ።"

"ታዲያ?"

"ሴንሰሩ የሚያየው ቀበቶውን ነው፤ ሰውየውን አያይም።"

ኲየት አገጩን አሻሸ። "እሱስ እውነትዎን ነው። ከሃያ ሦስት ቀን በኋላ እዚያ ሰው ስለማይኖር ነው ለሰው የሚሆን ያልገጠምንለት" አለ። ክፋት የለበትም፣ የሥራውን ነገር ነው የተናገረው።

ኮይ ዓይኑን ወደ ስክሪኑ መለሰ።

"ለመሆኑ ሰውየው የት ነበር?"

"እዚያው ነበር።"

"ምን ሆኖ ነው ታዲያ የደረቀው?"

"እንጃ። መብራቱ ነው ያሳሳተኝ መሰለኝ።"

ኢንጂነሩ ለአፍታ አየውና ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አጎቴ፣ እስከ አሥር ሰዓት ምክንያቱን መሙላት አለብዎት። ቀላል ነው። መጨረሻው ላይ፣ ማቆሙ አስፈላጊ ነበር ወይ? የሚል ጥያቄ አለ። ነበር ካሉ የካሜራው ቅጂ አብሮ ወደ ደህንነት ክፍል ይሄዳል፤ እነሱ አይተው ይወስናሉ። አልነበረም ካሉ እኔው ጋ ያልቃል፣ ቅጂውም በሦስት ቀን ይጠፋል። ግን የተቆጣጣሪ ስህተት ይሆናል ማለት ነው።"

"ስህተት ከሆነ ምን ይደረጋል?"

"ከአምስት ደቂቃ በላይ ስለሆነ ሦስት ወር ከወንበሩ መነሳት ነው። ታች ወርዶ ቀበቶ ሥር መጥረግ።" ኲየት ተነሳ። "እርስዎ ነበር ይበሉና ይገላገሉ። ቅጂው ያየውን ያሳያል። እርስዎ ምንም አይሆኑም።"

ቅጂው የሚያሳየውን ኮይ ያውቃል። በሥራ ላይ የተኛ ይባረራል የሚለው ደንብ በጉድጓዱ አፍ ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደላት ተጽፏል። የተባረረ ሰው መውጫ ድጎማ የለውም። ባለፈው ክረምት ውሃ መሳቢያው ጋ ያንቀላፋ አንድ ሰው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራውን ለአንዲት ሸለብታ ትቶ ሄዷል። ኛም ለቤቱ ጣሪያ ቀይ ሸክላ ክዳን አዝዟል። ከሃያ ሦስት ቀን በኋላ ሲወጣ በሚሰጡት ድጎማ ሊከፍል።

በምድብ ዘመን ይህ ችግር አልነበረም። ሰው ደከመው ማለት ሌላው መጥረቢያውን ተቀብሎ ይሠራለታል ማለት ነው። አለቃ ሲመጣ አንዱ ያስላል። የሳለውን ሰው ማንም አይቀዳውም ነበር።

*

በምሳ ሰዓት ሎዋን ደወለች። ከኋላዋ ዳክዬዎች ይንጫጫሉ።

"ድምፅህ ምን ሆኗል?"

"ምንም።"

"ያ ማቀዝቀዣ ነው። ሹራብ ልላክልህ?"

"ኧረ አልበረደኝም።"

"ጃንግ እሑድ ያን እጮኛዋን ይዛ ልትመጣ ነው። ጸጉሩን ወደ ጥቁር መልሶታል አሉ፣ አንተን ፈርቶ። ትመጣለህ አይደል?"

"እሞክራለሁ።" ኮይ የሚበላበትን ቾፕስቲክ አስቀመጠ። "ሎዋን፣ ለጥቂት ጊዜ ወደ ታች ብመለስ ምን ትያለሽ?"



"እየቀለድክ ከሆነ አላሳቀኝም" አለች።

"ጠየቅሁሽ እንጂ..."

"ሦስት ወር ሙሉ ትከሻህን ያሸሁት እኔ ነኝ። ሸሚዝህን የቆለፍኩልህ እኔ ነኝ። ሌሊት ጣሪያው፣ ጣሪያው እያልክ ስትጮህ የምቀሰቅስህ እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

"ካወቅህ ለምን ትጠይቀኛለህ?"

 መልሱን አልጠበቀችም፤ ዳክዬዎቹ አልበሉም ብላ ስልኩን ዘጋች።

*

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሆዋይ የምትባለው ተረኛ መጣች። ኮይ ምክንያቱን ሳይሞላ መሄዱ ገርሟት አየችው።

"ተመልሼ እሞላዋለሁ" አላት።

"አውቶቡሱስ?"

"ይሂድ።"

ቁልቁለቱን ወርዶ ወደ መብራት ቤት ሄደ። ከታች የሚወጡ ሰዎች የራስ መብራታቸውን የሚመልሱበት ቤት ነው። ከደጁ ካለው የሲሚንቶ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ድሮ በዚህ ሰዓት ይህ ደጅ ትምህርት ቤት የተለቀቀ ይመስል ነበር። ሦስት መቶ ሰው ባንድ ጊዜ ይወጣና አንዱ ሌላውን ይገፋል፣ ይሰዳደባል፣ የትምባሆ ማጨሻውን የቀርከሃ ቱቦ ይሻማል። መብራት የሚቀበሉት ሴቶች በመስኮት ይጮሁባቸዋል። አሁን መስኮቱ ታሽጓል። መብራቱን እያንዳንዱ ራሱ መደርደሪያው ላይ ይሰካል።

ወጡ። ሠላሳ ቢሆኑ ነው። ፊታቸው ሁሉ ጥቁር ነው፣ ዓይናቸውና ጥርሳቸው ብቻ ይታያል። ኮይ ቆሞ አንድ በአንድ አያቸው። የሚፈልገውን ሰው መልክ አያውቀውም። ሱው ብቻ አይቶት፣ "ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዷል" ብሎ ትከሻውን መታ አድርጎት አለፈ። በየሰው ፊት እየቆሙ ኛም ማነው ብሎ መጠየቅ አሳፈረው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያወራውን ሰው።

ከዚያ ከመደርደሪያው በኩል፣ "ይህን ቦርሳ በር ላይ ያስቀመጠው ማነው? ሊሰብረኝ እኮ ነበር" የሚል ድምፅ ሰማ።

ዞር ሲል ያየው አንድ አጭር፣ አንገቱ የቀጠነ፣ ጎበጥ ያለ ሽማግሌ ነው። ያ ድምፅ ከዚያ ደረት መውጣቱ ለማመን ያስቸግራል።

"ጋሽ ኛም?"

"ማን ልበል?"

"ኮይ ነኝ።"

ሰውየው ከእግር እስከ ራሱ አየው። "የላይኛው ኮይ?"

"አዎ።"

"እኔ እኮ ቀጭን ነበር የምትመስለኝ።"

"እኔ ደግሞ ግዙፍ ሰው ነበር የምትመስለኝ።"

"ድምፄ ነው" አለ ኛም። "እናቴ፣ ይሄ ልጅ ድምፁ ቀድሞት ነው የተወለደው ትል ነበር።"

አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በስልክ ወሬ ጎድሏቸው የማያውቅ ሰዎች አሁን ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት አጡ። ኛም ጥቁር እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጣቶቹን ያያል፣ ኮይ ታጥበው የሚወጡትን ሰዎች ያያል። ከማዶ የምግብ ቤቱ የዓሣ ወጥ ሽታ መጣ።

"ሁለት ክንድ ነበር የቀረህ" አለ ኮይ።

"ከቀበቶው?"

"ከቀበቶው።"

ኛም ራሱን ነቀነቀ። "ስልኩን አልሰማሁትም። የቀሰቀሰኝ የቀበቶው ድምፅ ሲጠፋ ነው። ሞትኩ ብዬ ነበር መጀመሪያ።" አስከትሎም፣ "ተኝቼ አላውቅም፣ ኮይ። ሃያ ስድስት ዓመት። በምድብ ስንሠራ እንቅልፍ የት ያገኘናል? ሰው ይገፋሃል፣ ሰው ይሰድብሃል። እዚህ ቦታ እንኳን አንተ ስለምትደውል አልተኛም ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ስልኩን አያለሁ። አሁን ምን ይዤ እነግረዋለሁ እያልኩ አስባለሁ" አለ።

ኮይ አግዳሚው ላይ ወደ እሱ ዞረ።

"አሥር ቀን" አለ ኛም። "የተቀየምከኝ መስሎኝ ነበር።"

"ለምን ልቀየምህ?"

"ስለ ልጅህ እጮኛ ተናግሬ አልነበር? ያን ጸጉር ይዞ ከመጣ ዶሮዎቹ ጫጩት ነው ብለው ይታቀፉታል አልኩህ። ያን ቀን ስቀሃል፤ በማግሥቱ ግን አልደወልክም። ሰው ስለ ልጁ ሲሆን ቆይቶ ነው የሚከፋው። አሥር ቀን ሙሉ ያንን ነው ሳብሰለስል የነበረው። ይቅርታ ልበለው ብዬም ስልኩን አንስቼ ነበር፤ ከእኔ ወደ አንተ ለብልሽት ካልሆነ አይደወልም።"

"አልተቀየምኩም፣ ጋሼ። መደወል አያስፈልግም ስላሉኝ ነው። መስመሩ ይቀዳል አሉኝ።"

"እንደዚያ ነው?"

"እንደዚያ ነው። ልነግርህ ይገባኝ ነበር።"

ኛም ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። የቀለለው ይመስላል፤ ከመባረር ይልቅ ያስጨነቀው ይኸኛው እንደነበር ከፊቱ ይነበባል።

"ዛሬ ስትቆጣኝማ፣ በቃ ቆርጦለታል አልኩ" አለ።

"አፍህን ላስይዝህ ብዬ ነው። ተኝቼ ነበር ልትል ነበር።"

"ታዲያ ተኝቼ ነበር እኮ።" ኛም ቀና አለ። "ምክንያት ሙላ ብለውሃል አሉ። ሱው ነግሮኛል፣ ሦስት ወር እንደሚያስነሳህም ነግሮኛል። ተኝቶ ነበር ብለህ ጻፍ።"

"የጣሪያውን ክዳንስ አዝዘህ የለ?"

"ዝናብ ለእኔ አዲስ አይደለም። አሳማዎቼም ድጎማ ተቀብለሃል ወይ ብለው አይጠይቁኝም።" ይህን ሲል እጆቹን ብብቱ ውስጥ ሸሸጋቸው።  "አንተ ሚስት አለችህ፣ ቃል አስገብታሃለች። ራስህ ነህ የነገርከኝ። ጻፍ፣ ወንድሜ። በሰው ትከሻ መውጣት አልፈልግም።"

 ኛም ተነስቶ ቆቡን ብብቱ ሥር አደረገ።

"ልታጠብ" አለ። "ውሃው ይቀዘቅዛል። መልክህን በማየቴ ደስ ብሎኛል። ቀጭን ብትሆን ግን ይሻልህ ነበር።"

ወደ መታጠቢያው ሲሄድ አንድ እግሩን ይጎትት እንደነበር ኮይ ያኔ ገና አስተዋለ። በካሜራው አይታይም።

*

አሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ኮይ ዳገቱን ወጥቶ ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ተመለሰ። ሆዋይ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ስክሪኖቹን ታያለች። በእሷ ፈረቃ ስድስተኛው ጣቢያ ላይ የሌላ ሰው መብራት ወዲያ ወዲህ ይላል። ኮይ ጥጉ ላይ ካለው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠ።

ስሙን ሞላ። ሰዓቱን ሞላ። ማብራሪያ በሚለው ቦታ ላይ በሁለት ጣቱ ቀስ እያለ፣ "የጣቢያ ስድስት ሠራተኛ መብራት የቆመ ስለመሰለኝ አቆምኩ። ሠራተኛው ደህና ነው" ብሎ ጻፈ። አንድ ጊዜ አነበበውና "የቆመ ስለመሰለኝ" የሚለውን ሳይነካ ተወው።

ከሥሩ ጥያቄው መጣ፦ "ማቆሙ አስፈላጊ ነበር?" ሁለት ሳጥኖች። ነበር። አልነበረም።

እዚህ ወንበር ላይ በተቀመጠባቸው ሁለት ዓመታት ሁሉ ነገር ራሱ ሲሄድ ነው ያየው። ቀበቶው ራሱ ይሮጣል፣ ሴንሰሩ ራሱ ይናገራል፣ ቁጥሩ ራሱ ይጻፋል። እሱ ባይኖርም ይሄድ ነበር፤ ይህን ብዙ ጊዜ ለራሱ ብሎታል። ከዛሬዋ ሰባት ደቂቃ በቀር። ትከሻውን አሰበ። የሎዋንን እጅ አሰበ። በሩ ላይ ያለው ሰዓት አሥር ሊሞላ ስድስት ደቂቃ ይላል።

አልነበረም የሚለውን ተጫነ።

ስክሪኑ፣ "እርግጠኛ ነዎት?" ሲል ጠየቀው። አዎ አለ።

"ጨረሱ፣ አጎቴ?" አለች ሆዋይ ማዳመጫዋን ሳታወልቅ።

"ጨረስኩ።"

ወጥቶ ደረጃው ላይ ቆመ። የዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ ሄዷል። የሚቀጥለው የታጠቡትን ሰዎች ይዞ ገና ይመጣል። ስልኩን አውጥቶ ለጥቂት ጊዜ በእጁ ያዘው። ታች ለሚወርድ አዲስ ቦቲ ጫማ ይሰጣሉ፤ ግን አዲስ ቦቲ ተረከዝ ይልጣል። የድሮው ታይ ቢን ቤቱ ነው ያለው፣ ሎዋን የዳክዬ ቤት ስታጸዳ ታደርገዋለች።

ሎዋን በሁለተኛው ጥሪ አነሳች።

"ደግሞ ምን ሆንክ?"

"እሑድ እመጣለሁ" አላት። "ቦቲዬን እጠቢልኝ፣ ይዤው እመለሳለሁ።"